ስለ ዓሣ ገንዳ ውሃና ስለ አጠባበቁ
(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ በጽሕፈት ቤቱ የቀረበ ንግግር)



በአጀንዳው ላይ ሦስተኛው ነጥብ «ስለ ዓሣ ገንዳው» የሚል መሆኑን አይታችሁ «ስንት ችግር እያለ ስለ ዓሣ ልናወራ ነው እንዴ?» ያላችሁ አላችሁ። ሰምተናል። ነገሩ ግን እንደሚመስለው ትንሽ አይደለም።

በንባብ ክፍላችን ገንዳ የነበሩት ዓሦች ካለቁ ወዲህ ለጽሕፈት ቤቱ ሦስት ማመልከቻዎች ቀርበዋል። አንደኛው፣ ገንዳው ይሸጥና ገንዘቡ ለወንበር መግዣ ይዋል ይላል። ሁለተኛው፣ የቧንቧው ውሃ መርዝ ስላለበት አቤቱታ ይጻፍ ይላል። ሦስተኛው፣ ገንዳውን ያጸዱት ልጆች በሳሙና ስላጠቡት ወላጆቻቸው ይካሱ የሚል ነው። ልጆቹም ይህን ከሰሙ ጀምሮ ወደ ንባብ ክፍሉ መምጣት ትተዋል። ዓሦቹ የተገዙት እኮ እነሱ ከኪሳቸው ባዋጡት ሳንቲም ነው። እንግዲህ በሕፃናት ላይ ከመፍረዳችን በፊት ነገሩን አጣርቶ ማወቅ ይገባል።

ከነዋሪዎቻችን አንዱ የኬሚስትሪ መምህር ናቸው። ውሃውን ለክተውልናል፤ ብዙም አስረድተውናል። እኛ ትምህርታችን ጥቂት ቢሆንም የገባንን በገባን ቋንቋ እናቀርብላችኋለን። በቤታችሁ ገንዳ ላላችሁም ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

ፒኤች ማለት ምንድን ነው?

ፒኤች ማለት የአንድን ውሃ ኮምጣጣነት ወይም የዚያን ተቃራኒ የሚናገር ቁጥር ነው። ይህን መለኪያ ያወጡት ሶረን ሶረንሰን የሚባሉ የዴንማርክ ሰው ሲሆኑ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1909 በኮፐንሃገን በካርልስበርግ ላቦራቶሪ ሲሠሩ ነው። ላቦራቶሪው የቢራ ፋብሪካው ነበር። ጠማቂ የሆነ ሁሉ ኮምጣጣነትን ማወቅ አለበትና ነገሩ አይገርምም።

መለኪያው ባብዛኛው ከ0 እስከ 14 ይሄዳል። መካከሉ 7 ነው፤ እዚያ ላይ ውሃው ወደየትም አያደላም። ከ7 በታች ሲወርድ አሲዳማ ይባላል። የሎሚ ጭማቂ ወደ 2 ነው፤ የቦካ የእንጀራ ሊጥ ወደ 4 ገደማ ነው። ከ7 በላይ ሲወጣ አልካላይን ይባላል፤ እንደ ሳሙናና እንደ አመድ ውሃ ማለት ነው። ከሐይቆቻችን ዝዋይና ጣና ከ8 ብዙም አይርቁም፤ ቆሮሶም ተመችቶት ይኖርባቸዋል። ሻላ ሐይቅ ግን ወደ 10 ይጠጋል፤ ጨውም ሶዳም የበዛበት ነው። በሻላ ደሴት ላይ ጎጆ የሚሠሩት ፔሊካኖች ዓሣ ፍለጋ ወደ ሌላ ሐይቅ የሚበሩት እዚያ የሚበላ ዓሣ ስለማይበቃቸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልን። በዚህ መለኪያ አንድ ቁጥር ማለት አሥር እጥፍ ነው። ፒኤቹ 6 የሆነ ውሃ 7 ከሆነው አሥር ጊዜ ይበልጥ አሲዳማ ነው። 5 የሆነው ደግሞ መቶ ጊዜ። ስለዚህ «ከ6 ወደ 8 ብቻ ነው የጨመረው» ማለት አይቻልም። ለእኛ ሁለት ቁጥር ነው፤ ለዓሣው ግን መቶ እጥፍ ነው።

የቧንቧችን ውሃ እንዴት ነው?

አዲስ አበባ ውሃዋን የምታገኘው ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች፣ እንዲሁም ከአቃቂና ከሌሎች ቦታዎች ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። የግድብ ውሃ ዝናብ ነውና ባብዛኛው ለስለስ ያለ ነው። የጉድጓድ ውሃ ግን በዓለት ውስጥ ሲያልፍ ማዕድን ይዞ ይመጣል። ለመጠጥ ውሃ በተለምዶ የሚፈቀደው ፒኤች ከ6.5 እስከ 8.5 ነው። ይህ ለወርቅማ ዓሣም ሆነ ለጋፒ የሚስማማ ነው። መምህሩ የኛን ቧንቧ ውሃ ለክተው 7.8 አግኝተውታል። ስለዚህ ቧንቧው መርዝ አለበት የሚለው ማመልከቻ መሠረት የለውም።

ሆኖም ከቧንቧ እንደ ወረደ የሚለካ ውሃ ይዋሻል። የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሲከፈት ምን ይሆናል? ጋዙ ይወጣና ይሞታል። በቱቦ ታፍኖ የመጣ ውሃም እንደዚሁ ጋዝ ይይዛል፤ ያ ጋዝ ውሃውን አሲዳማ አስመስሎ ያሳያል። በባልዲ ሆኖ ክፍት ቦታ ላይ አንድ ቀን ሲያድር ጋዙ ይወጣል፤ ክሎሪኑም አብሮ ይወጣል። እውነተኛው ቁጥር የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው።

ገንዳው እንዴት ይኮመጥጣል?

ሊጥ ሲያድር እንደሚቦካ ሁሉ የገንዳ ውሃም ሥራ ላይ ነው። ዓሣው ይበላል፣ ይኩሳል፣ የተረፈ ምግብ ይበሰብሳል። ከዚህ ሁሉ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጠጠሩና በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች አሉ። እነሱ አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት ብዙ እስካልተጠራቀመ ድረስ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ግን ይህን ሥራ ሲሠሩ አሲድ ይወጣል።

ታዲያ ለምን ወዲያው አይኮመጥጥም? በውሃው ውስጥ ካርቦኔት የሚባል ማዕድን ስላለ ነው። ይህ ማዕድን አሲዱን እየተቀበለ ያጠፋዋል። እንደ ዕድራችን ሣጥን አድርጋችሁ አስቡት። ሐዘን ሲመጣ ከሣጥኑ ይወጣል፤ ቤተሰቡም አይናጋም። ሣጥኑ ባዶ ከሆነ ግን የሚቀጥለው ሐዘን ቤት ያፈርሳል። የገንዳውም ካርቦኔት እንዲሁ ነው። እስካለ ድረስ ፒኤቹ አይንቀሳቀስም፤ ያለቀ ዕለት በአንድ ጊዜ ይወድቃል። ሣጥኑን የሚሞላው ደግሞ አዲስ ውሃ ነው። የገንዳ ውሃ ሲተን የሚሄደው ውሃው ብቻ ስለሆነ፣ ቆሻሻው እዚያው ይቀራል። ስለዚህ የጎደለውን መሙላት ብቻ አይበቃም፤ ከአሮጌው መቅዳት ያስፈልጋል።

ዓሦቹን የገደላቸው ምንድን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደርሰናል። ልጆቹ ያፈሰሱትን አሮጌ ውሃ ሁሉንም አልደፉትም ነበር፤ ለጎመን ማጠጫ ብለው አንድ ጀሪካን አስቀርተዋል። መምህሩ ያንን ሲለኩ 5.8 ሆኖ ተገኘ። አሞኒያም በብዛት ነበረበት። ገንዳው በክረምቱ ወራት ሲጎድል እየተሞላ ብቻ ስለቆየ ሣጥኑ ባዶ ሆኗል ማለት ነው። ውሃው ከ6 በታች ሲወርድ ደግሞ ባክቴሪያዎቹ ሥራቸውን ያዘገያሉ፣ አሞኒያውም መጠራቀም ይጀምራል።

«ታዲያ ዓሦቹ ያኔ ለምን አልሞቱም?» ትላላችሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። አሞኒያ ሁለት መልክ አለው። በአሲዳማ ውሃ ውስጥ ባብዛኛው አሞኒየም በሚባለው መልኩ ይቀመጣል፤ እሱ ዓሣን ብዙም አይጎዳም። ፒኤቹ ሲጨምር ግን ወደ መርዛማው መልኩ ይለወጣል። በ25 ዲግሪ ሙቀት፣ ፒኤች 7 ላይ መርዛማው ከመቶ ግማሽ እንኳ ብዙ አያልፍም። 8 ላይ ከመቶ 5 ይሆናል። 9 ላይ ከመቶ 36 ይደርሳል።

ልጆቹ ትምህርት ከመከፈቱ በፊት ገንዳው ያማረ እንዲሆን ብለው ከአራት እጅ ሦስቱን እጅ ውሃ ቀድተው በቧንቧ ውሃ ተኩት። ውሃው ጠራ፤ ሁሉም ደስ አለው። ፒኤቹ ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ5.8 ተነሥቶ ወደ ቧንቧው ቁጥር ወጣ። የአሞኒያው ጠቅላላ መጠን ወደ አንድ አራተኛ ቀንሷል፤ የመርዛማው ድርሻ ግን በብዙ አሥር እጥፍ አደገ። ተኝቶ የነበረ መርዝ ነቃ ማለት ነው። በዚያ ላይ ቀዝቃዛው ውሃና ክሎሪኑ ተጨመረ። ዓሦቹ በማግሥቱ ወደ ላይ ወጥተው አየር ሲጎርሱ ታዩ፤ በሦስተኛው ቀን አለቁ።

ሳሙና አልነበረም። የተጠቀሙት ብሩሽና ውሃ ብቻ መሆኑን የጽዳት ሠራተኛችንም መስክረዋል። እንግዲህ ልጆቹ ጥፋት የለባቸውም። ዓሦቹን የገደላቸው ቆሻሻው ብቻ አይደለም፤ ጽዳቱም ብቻ አይደለም። ለውጡ በአንድ ጊዜ መምጣቱ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሉ የለ?

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ቁጥር አታሳድዱ። አንዳንድ ሰው መጽሐፍ አይቶ «7 መሆን አለበት» ይልና ዛሬ ያወርዳል፣ ነገ ያወጣል። 7.8 ላይ የጸና ውሃ ዛሬ 7፣ ነገ 8 ከሚሆን ውሃ ይሻላል። አብዛኞቹ የቤት ዓሦች ቀስ ብለው ከለመዱት ሰፊ ቁጥር ይችላሉ። ባይሆን ከቧንቧችሁ ጋር የሚስማማ ዓሣ ምረጡ። ወርቅማ ዓሣ፣ ጋፒና ሞሊ የእኛን ውሃ ይወዱታል። ኒዮን ቴትራ የመሰሉት ግን ለስላሳና ከ7 በታች የሆነ ውሃ የሚመርጡ ናቸው።

ሁለተኛ፣ በየሳምንቱ ከአሥር እጅ ከአንድ እስከ ሁለት እጅ ውሃ ለውጡ። ገንዳው 100 ሊትር ከሆነ ከ10 እስከ 20 ሊትር ነው፤ አንድ ባልዲ ማለት ነው። በላስቲክ ቱቦ ከታች ከጠጠሩ መካከል ቆሻሻውን እየሳባችሁ ቅዱ። የሚተካው ውሃ በክፍት ባልዲ ያደረ ይሁን፤ ቅዝቃዜውም ከገንዳው ጋር ይመጣጠን። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣልን በመጣበት ቀን አስቀድሞ መቅዳት ነው። በሮቶ ተከድኖ የቆየውንም አየር እንዲያገኝ በባልዲ አሳድሩት።

ሦስተኛ፣ ገንዳው ለብዙ ጊዜ ሳይለወጥ ከቆየ በአንድ ቀን አታጽዱት። በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ከሃያ እጅ አንድ እጅ ብቻ እየለወጣችሁ ሁለትና ሦስት ሳምንት ቆዩ። በዚያን ጊዜ ምግብ ቀንሱ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

አራተኛ፣ ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ አትጠቡ። ክሎሪኑ ባክቴሪያዎቹን ይገድላቸዋል። ከገንዳው በቀዳችሁት ውሃ እጠቡት። ሳሙናም ሆነ እንዶድ ወደ ገንዳ አይቅረብ፤ እንዶድ ዓሣን ይገድላል።

አምስተኛ፣ ምግብ በሁለት ደቂቃ ተበልቶ የሚያልቀውን ያህል ብቻ ስጡ። የአብዛኛው አሞኒያ መነሻ የሰው ለጋስነት ነው።

ስድስተኛ፣ ለኩ፤ ጻፉም። የጠብታ መመርመሪያ ከሊትመስ ወረቀት ይሻላል፤ ሊትመስ አሲድ ወይም አልካላይን መሆኑን እንጂ ትንሹን ልዩነት አይናገርም። በሰላጣ ላይ የምንበላው ቀይ ጥቅል ጎመን ተቀቅሎ ውሃው አሲድ ሲነካው ቀይ፣ አልካላይን ሲነካው ሰማያዊና አረንጓዴ ይሆናል። ለልጆች ማስተማሪያ ግሩም ነው፤ ለዓሣ መጠበቂያ ግን አይበቃም። ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ለኩ። ተክል ያለበት ገንዳ ቀን ላይ ፒኤቹ ከፍ፣ ሌሊት ዝቅ ይላልና የጧቱንና የማታውን አታወዳድሩ።

ምን አይደረግ?

ፒኤች ለማውረድ ሎሚ ወይም አቼቶ የሚጨምሩ አሉ። ካርቦኔቱ እስካለ ድረስ ቁጥሩ ጥቂት ወርዶ ተመልሶ ይወጣል፤ ሰውየው ይደግማል፤ ዓሣው መካከል ላይ ይንገላታል። ካርቦኔቱ ያለቀ ቀን ደግሞ ያቺው ማንኪያ ሎሚ ገደል ትከታቸዋለች። በጠርሙስ የሚሸጠው ማውረጃም ሥራው ያው ነው።

ፒኤች የወደቀበትን ገንዳ ለማንሣት ቤኪንግ ሶዳ ይረዳል። ሆኖም አሞኒያ የተጠራቀመበት ከሆነ በመጀመሪያ በትንሽ በትንሹ ውሃ መለወጥ ነው። አንድ ሙሉ የሻይ ማንኪያ ለ50 ሊትር ብዙ ነው። አንድ አራተኛ ማንኪያ በጆግ ውሃ አሟሙቶ ቀስ ብሎ ማፍሰስ፣ በማግሥቱ ለክቶ መቀጠል ይሻላል። አደራ፣ ቤኪንግ ፓውደር አይደለም! እሱ አሲድና ዱቄት የተቀላቀለበት የኬክ ማንሻ ነው። በሱቅ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ ጽሑፉን አንብቡ።

ከተሰብሳቢዎች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ የዝናብ ውሃስ አይሻልም?
መልስ፦ የዝናብ ውሃ ካርቦኔት የለውም፤ ሣጥኑ ባዶ ነው። ብቻውን አይሁን። ከፈለጋችሁ ከአራት እጅ አንዱን እጅ ቀላቅሉ። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች የቆርቆሮውን አቧራ እስኪያጥቡ ግን አትቅዱ።

ጥያቄ፦ ከጅቡቲ የመጣ ዛጎልና ነጭ ድንጋይ ለጌጥ ገንዳው ውስጥ አስገብተናል፤ ይጎዳል?
መልስ፦ ዛጎል፣ የኖራ ድንጋይና እምነ በረድ ቀስ እያሉ ሟሙተው ፒኤቹን ከፍ ያደርጋሉ። ድንጋይ ከማስገባታችሁ በፊት አቼቶ ጠብ አድርጉበት። ከፈላና አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት። የሰፈራችን ጥቁር ድንጋይ አይፈላም፤ ታጥቦ ይገባል።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋ ምን እናድርግ?
መልስ፦ የአየር ፓምፑ ሲቆም ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ዓሦቹ የሚያወጡት ጋዝም ሲጠራቀም ፒኤቹ ዝቅ ይላል። በየተወሰነ ጊዜ ከገንዳው ውሃ በጆግ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሱበት። መብራት እስኪመጣ ምግብ አትስጡ።

ለጉባኤው የቀረበ የውሳኔ ሐሳብ

ከዚህ በላይ በተገለጸው መሠረት ጽሕፈት ቤቱ የሚከተለውን ያቀርባል።

1. በልጆቹና በወላጆቻቸው ላይ የቀረበው ማመልከቻ ይዘጋ። ልጆቹም ይህን በጉባኤ ፊት እንዲሰሙ ይጠሩ።
2. ስለ ቧንቧ ውሃው ሊጻፍ የታሰበው አቤቱታ ይቅር።
3. ገንዳው አይሸጥ። ከማኅበሩ ሣጥን አንድ የፒኤችና አንድ የአሞኒያ ጠብታ መመርመሪያ ይገዛ። በጽሕፈት ቤቱ ይቀመጥና ገንዳ ያለው ነዋሪ ሁሉ እየፈረመ ይዋስ።
4. ከገንዳው አጠገብ ደብተር ይሰቀል። ተረኛው ልጅ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቁጥሩንና የለወጠውን ውሃ ይጻፍበት።
5. ገንዳው ውሃ ተሞልቶ መጀመሪያ ሁለት ዓሣ ብቻ ይግባበት። አሞኒያና ናይትራይት በመመርመሪያው አለመታየታቸው ሲረጋገጥ ሌሎቹ ጥቂት በጥቂት ይጨመሩ። ባክቴሪያዎቹ እስኪበዙ ሳምንታት ይወስዳልና ልጆቹ ይታገሡ።

የተከበራችሁ ነዋሪዎች፣ ለወንበሩ መዋጮ ይገኛል። ልጅ ግን ሳያጠፋ ከተፈረደበት ቤቱን እንጂ ሰፈሩን አይወድም። ገንዳው ቀርቶ ደብተሩ በልጆቹ እጅ ቢሞላ፣ የተማረው ትልቁም ትንሹም ይሆናል።

ከንግግሩ በኋላ በተሰጠው ድምፅ አምስቱም ነጥቦች ጸድቀዋል። መመርመሪያው እንደተገዛ በዚሁ ሰሌዳ ላይ እናስታውቃለን።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት